ይድረስ ማንጎ ለሚወዱ ሁሉ



ማንጎው ሲገዙት እንከን አልነበረውም፤ ሁለት ሦስት ቀን ሲያድር ግን ጥቁር ነጠብጣብ ወረሰው። ሻጩን አይርገሙ። በሽታው የገባው ፍሬው ዛፍ ላይ፣ ገና ጮርቃ ሳለ ነው። አንትራክኖዝ ይሉታል፤ የሚያመጣው ኮሌቶትሪከም የተባለ ፈንገስ ነው። ዝናብ ወይም ጤዛ ባረጠበው ልጣጭ ላይ ያርፋል፣ ሰርስሮ ይገባል፣ ከዚያ ፍሬው እስኪበስል ድምፁን አጥፍቶ ይቀመጣል። አንዳንዴ ጥቁሩ ፍሬው ከተንጠለጠለበት ጫፍ ጀምሮ እንባ እንደወረደበት ጉንጭ ተሰምሮ ያገኙታል። ዝናቡ የፈንገሱን ዘር ከደረቀ ቅርንጫፍ አጥቦ ያወረደበት መንገድ ነው።

ጓሮዎ ውስጥ ዛፍ ካለ ታዲያ፣ ጥቁሩን አይቶ መድኃኒት ፍለጋ መሮጥ ትርፉ ድካም ነው። የሚረጨው አበባው ሲወጣና ፍሬው ሲቋጠር ነው። ኮፐር ኦክሲክሎራይድም ሆነ ማንኮዜብ የተባሉት ፀረ-ፈንገስ መድኃኒቶች ላዩን ይጠብቃሉ እንጂ የገባውን አያወጡም፤ ዝናብ ካጠባቸው ደግሞ ይደገማሉ።

ግን ማን ይደርስበታል? በአርባ ምንጭም በአሶሳም ከዘር የበቀለው ማንጎ ከጣሪያ በላይ ይወጣል፤ የጀርባ መርጫ ግማሹም ላይ አይደርስ። ስለዚህ እኔ ከመድኃኒቱ መጋዙ ይቅደም ባይ ነኝ። ለቀማው እንዳለቀ ደረቁን ቅርንጫፍ መቁረጥ፣ ቁመቱን መቀነስ፣ መሃሉን ከፍቶ ነፋስና ፀሐይ ማስገባት፣ የረገፈውን ቅጠልና የበሰበሰውን ፍሬ ሰብስቦ መቅበር። ብዙ ገንዘብ አይፈልግም፤ ወገብ ግን ይፈልጋል።

አገሬ ደረቅ ነው ብለውም አይዘናጉ። ባለሙያዎች ፓውደሪ ሚልዲው የሚሉት፣ አበባው ላይ ዱቄት የተነሰነሰ የሚያስመስለው በሽታ ዝናብ አይጠብቅም። ደረቅ ቀንና ቀዝቀዝ ያለ ሌሊት ይበቃዋል፤ አበባውን አርግፎ ባዶ ዘለላ ያስቀርልዎታል። በውሃ የሚበጠበጥ ድኝ ይይዘዋል፤ በጠራራ ፀሐይ ከረጩት ግን ቅጠሉን ያቃጥላል።

ለገበያ የሚያቀርቡ ከሆነ አንድ ነገር ልጨምር። ፍሬውን በዱላ አያራግፉት፤ የተሰነጠቀ ልጣጭ ለመበስበስ የተከፈተ በር ነው። የተለቀመውን ከ52 እስከ 55 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሞቀ ውሃ ለ5 ደቂቃ ያህል መንከር ልጣጩ ሥር የተደበቀውን ፈንገስ ያዳክመዋል። መጀመሪያ በጥቂት ፍሬ ይሞክሩት፤ ቴርሞሜትርም ይግዙ። በእጅ እየነኩ በግምት የሚሠራ አይደለም፤ ሙቀቱ ካለፈ ፍሬው ይቀቀላል።