የአዘጋጁ ማስታወሻ፦ ለክረምት እንግዶቻችን

ትምህርት ቤት ሲዘጋ የአዲስ አበባ ቤቶች በዘመድ ልጆች ይሞላሉ። ከደሴ ወይም ከዋሽንግተን የመጣው የአክስት ልጅ ሶፋው ላይ ተጋድሞ ስልኩን ሲነካካ ይውላል፤ ውጭ ዝናብ ነው። ይህን እትም ያሰናዳነው ለእሱና ለአስተናጋጆቹ ነው።

የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሲያስጎበኙት ቶሎ ይሰለቻል፤ እንዲያገኝ ሲተዉት ግን ይነቃል። ከአራት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ ሽቅብ የሚወስደው መንገድ ለዚህ የሚመች ነው። ብሔራዊ ሙዚየም ውስጥ በ1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ የተገኘችው ድንቅነሽ አለች። ከፍ ብሎ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መኝታ ክፍል እስከ መታጠቢያው ይታያል። መኝታ ክፍሉ ካለበት ሕንፃ ፊት ለፊት ደግሞ በወረራው ዘመን ጣሊያኖች የሠሩት፣ የትም የማያደርስ ጠመዝማዛ ደረጃ ቆሟል፤ አናቱ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀምጦበታል። ለምን እንደተሠራና አንበሳው እንዴት እዚያ እንደወጣ አስቀድማችሁ አትንገሩት። ይጠይቃል።

በውስጥ ገጾች የመርካቶ፣ የእንጦጦና የሳይንስ ሙዚየም ጉዞዎችን፣ ከትራንስፖርት መረጃ ጋር ታገኛላችሁ። ዝናቡ የሚበረታው አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ጠዋት ውጡ፤ ምሳ የት እንደሚበላም እሱ ይምረጥ።