የቤተ ሰብ ጤና፦ የሕመሙ ስም ሲለወጥ

ሐኪም አንድ ጊዜ ስም ሰጥቶት የነበረውን የአእምሮ ሕመም ቈይቶ በሌላ ስም ሲጠራው፣ ቤተ ሰብ ከሁለት አንዱን ያስባል፤ ወይ የፊተኛው ሐኪም አላወቀም፣ ወይም ሕመሙ ብሷል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ሁለቱም አይደለም።

በመንዝ፣ ከጓሳ ዙሪያ ካሉት መንደሮች በአንዱ የሚኖር ወጣት አለ እንበል። ለመስቀል ሰሞን እንቅልፍ አጣ፤ ንግግሩ በዛ፤ በጎቹን አውጥቶ በርካሽ ሸጠ፤ ታላቅ ሥልጣን ተሰጥቶኛል አለ፤ ሌላ ሰው የማይሰማውንም ድምፅ ሰማ። መሐል ሜዳ ያየው ሐኪም «ባይፖላር ነው» አለ፤ ይኸውም ስሜት አንድ ጊዜ ከልክ በላይ የሚግልበት፣ ሌላ ጊዜ በትካዜ የሚወድቅበት ሕመም ነው። ወራት አልፈው አዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታል ሲደርስ ግን «ስኪዞአፌክቲቭ» ተባለ።

ሁለቱ ስሞች የሚለዩት ድምፅ በመስማትና ባለመስማት አይደለም። በባይፖላርም ስሜቱ እጅግ ሲግል ወይም ሲወድቅ ሕመምተኛው ድምፅ ሊሰማ፣ ከእውነት የራቀ ሐሳብም ሊይዘው ይችላል። የሚለያቸው ጊዜው ነው። ለኅዳር ሚካኤል እንቅልፉ ተመልሶ፣ ንግግሩ ረግቶ፣ ድምፁም ዐብሮ ከለቀቀው ነገሩ ወደ ባይፖላር ያመዝናል። እንቅልፉና ጠባዩ ተመልሶ ሳለ ድምፁ እስከ ታኅሣሥ ገብርኤል ካልተወው ግን ወደ ስኪዞአፌክቲቭ ያደላል። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2005 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ፣ ስሜቱ ሳይግልና ሳይወድቅ ድምፁ ወይም የተሳሳተው ሐሳብ ቢያንስ ሁለት ሳምንት መቈየት አለበት። ደግሞም የስሜቱ መናወጥ ከሕመሙ ዘመን አብዛኛውን ሊይዝ ይገባዋል፤ አለዚያ ስሙ ስኪዞፍሬንያ ወደሚባለው ይሄዳል።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ግለቱ በርዶለት ዝም ያለ ሰው ሁሉ ተሽሎታል ማለት አይደለም፤ ወደ ትካዜ ወርዶም ይሆናል። ይህን እንደ ጤና ከቈጠርነው ሐኪሙን እናሳስታለን።

ጓሳን ለሚያውቅ ሰው ነገሩ አይከብድም። በቀድሞው የቀሮ ሥርዓት የጓሳው መሬት ለዓመታት ተዘግቶ ይቈይና ከዚያ በኋላ ይከፈት ነበር። በተዘጋበት ወራት ያለፈ መንገደኛ «እዚህ ከብት አይሰማራም» ቢል ያየውን ተናገረ እንጂ አልዋሸም። ሐኪምም በአንድ ቀጠሮ የሚያየው የአንዱን ቀን ጓሳ ነው። ክሬፔሊን የተባለው የጀርመን ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1899 ሁለቱን ታላላቅ ሕመሞች ለያይቶ ካስቀመጠ በኋላ፣ ካሳኒን የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1933 ከሁለቱም ምልክት ያለባቸውን ዘጠኝ ሕመምተኞች ገልጦ «ስኪዞአፌክቲቭ» የሚለውን ስም አወጣ። ድንበሩ የት ላይ እንደ ሆነ ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ።

እንግዲህ የቤት ምስክርነት ከባድ ዋጋ አለው። በ1990 ዓ.ም. በቡታጅራ አካባቢ በተጀመረው ታላቅ ጥናት ከ68,000 የሚበልጡ ሰዎች ሲመረመሩ፣ ተመራማሪዎቹ ከቃለ መጠይቁ ሌላ ጎረቤቱን የሚያውቀውን የመንደር ሰው ጭምር ጠይቀዋል። እናንተም በዓላቱን ምልክት አድርጋችሁ ጻፉ፤ እንቅልፉ መቼ ሄደ፣ መቼ ተመለሰ፣ ድምፁ መቼ ጀመረ፣ መቼስ ለቀቀው? ጫት ወይም አረቄ ነበረ ወይ? ጠበል ቦታ ከርሞ መድኃኒቱን አቋርጦ እንደ ሆነም አትደብቁ፤ መድኃኒት በመቋረጡ ያገረሸ ሕመም ሌላ ሕመም መስሎ ይታያልና። (ጠበልና መድኃኒት ዐብረው እንደሚሄዱ አቡነ ጳውሎስ ስለ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በ1999 ዓ.ም. ተናግረዋል።)

ስሙ ሲለወጥ መድኃኒቱ ሁልጊዜ አይለወጥም። ለስኪዞአፌክቲቭ የሚሆን ሰው ድምፁን የሚያስታግሰውን መድኃኒት ስሜቱ ከረጋም በኋላ ይዞ ይቈያል፤ ስሜትን የሚያረጋው ደግሞ ለሁለቱም ሊታዘዝ ይችላል። ከእነዚህ አንዱ ሊትየም ሲሆን መጠኑ በደም ምርመራ ይጠበቃል። ውኃ ሳይጠጡ ረጅም ሰዓት መዋል በደም ውስጥ ከልክ በላይ ሊያከማቸው ስለሚችል፣ ዐቢይ ጾም ሳይገባ ከሐኪሙም ከንስሐ አባትም ጋር መነጋገር ያሻል። እጁ በኀይል ቢንቀጠቀጥ፣ ቢያስመልሰው፣ ሲሄድ ቢንገዳገድ ቀጠሮ ሳይጠበቅ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ቤት ይወሰዳል።