በውሰት በሬ ለምን ዘገየ?

ነገሩ ቀልድ ይመስላል። እኔም መጀመሪያ ስሰማው ስቄ ነበር፤ ውሎ አድሮ ግን አንጀቴን አቃጠለኝ።

ዳንኤል ስቴንበርግ የሚባል ስዊድናዊ አለ። በ1996 እ.ኤ.አ. የውጭ ምንዛሪ ተመን ከኢንተርኔት ለቅሞ የሚያመጣለት ትንሽ ፕሮግራም ፈለገ። አንድ ብራዚላዊ የጻፈውን አገኘና በትርፍ ሰዓቱ ይጠጋግነው ጀመር። በ1998 «ከርል» አለው። በ2000 ደግሞ ሌሎች ባለሙያዎች በየፕሮግራማቸው ውስጥ የሚሰኩት ላይብረሪ አደረገው። ዋጋው? ባዶ! ኮዱም ክፍት ነው፤ የፈለገ ይውሰድ።

ወሰዱ እንጂ! አፕል በኮምፒውተሮቹ፣ ማይክሮሶፍትም በ2018 በዊንዶውስ 10 ውስጥ ከነስሙ አስገቡት። ስልክ ቢሉ፣ ቴሌቪዥን ቢሉ፣ መኪና ቢሉ፣ ኢንተርኔት ላይ ተልኮ መረጃ የሚያመጣው ይኸው ነው። አንባቢ ሆይ፣ ኪስዎ ውስጥ ያለው ስልክም ሳይኖረው አይቀርም። በ2017 የስዊድን ንጉሥ የወርቅ ሜዳሊያ ሸለሙት። በዚያው ዓመት አሜሪካ አትገባም ተብሎ ከአውሮፕላን ጣቢያ ተመለሰ፤ ቪዛ ያገኘው በ2020 ነው። (ኤምባሲ ደጃፍ የተሰለፍነው እኛ ብቻ አይደለንም ማለት ነው!) ሙሉ ቀኑን በከርል ላይ እየሠራ ደመወዝ ማግኘት የጀመረውም በ2019 ነው።

አሁን ጉዱን ስሙት። በታኅሣሥ 2021 እ.ኤ.አ. «ሎግ ፎር ጄ» በተባለ ሌላ የነፃ ፕሮግራም ላይ ከባድ ቀዳዳ ተገኘና ዓለም ተሸበረ። በጥር 2022 ከአሜሪካ 500 ታላላቅ ኩባንያዎች አንዱ ለዳንኤል ደብዳቤ ጻፈ። «የእናንተ ምርት በዚህ ችግር ተነክቷል ወይ? በ24 ሰዓት ውስጥ መልሱ!» ይላል። ከርል ሎግ ፎር ጄን ጨርሶ አይነካውም። ኩባንያውም አምስት ሳንቲም ከፍሎ አያውቅም።

«ወዶ በነፃ የሰጠ ምን ያማርራል?» የሚሉኝ አሉ። ልክ ናቸው፤ አለመክፈል መብታቸው ነው፣ ፈቃዱ ላይ ተጽፏል። ግን በውሰት በሬ ሲያርሱ ከርመው ባለቤቱን «በሬህ ለምን ዘገየ፣ እስከ ነገ ምክንያቱን አቅርብ» ማለት የማን አገር ደንብ ነው? እንደኔ እንደኔ፣ በሬው ቢታመም ማሳው ጦም እንደሚያድር ካወቁ መኖ መቁረጥ ነበረባቸው። ቢሊዮን ለሚያተርፍ ድርጅት የአንድ ባለሙያ ደመወዝ ምኑ ነው?

ዳንኤል አልተቆጣም። «የድጋፍ ውል እንፈራረምና ወዲያው እመልሳለሁ» አላቸው። እነሱም መልሰው ጻፉ፤ «ሰላም ዴቪድ» ብለው።