ቁልፉ ተበላሸ ተብሎ ቤት አይፈርስም

ኅዳር ላይ ቴፒ ውስጥ ወሬው ሁሉ ቡና ነው። ባለፈው ዓመት በዚያ ግርግር መሀል የአጎቴ ላፕቶፕ ዊንዶውሱን እያደሰ ሳለ መብራት ሄደ። ባትሪው ከሞተ ቆይቷል። መብራት ሲመጣ ላፕቶፑ እየበራ ይጠፋል እንጂ አልነሳ አለ። ውስጡ ያለው ማን ስንት ኪሎ እሸት ቡና እንዳስረከበ፣ ለማን ቀሪ ክፍያ እንዳለበት የተጻፈበት የኤክሴል መዝገብ ነው።

ሚዛን ወሰድነው። ጠጋኙ አንዴ አየና «ፎርማት ይደረግ» አለ። ፋይሎቹስ? «እነሱማ ይጠፋሉ።» አጎቴ ዝም አለ።

ዊንዶውስ ተበላሸ ማለት ፋይል ጠፋ ማለት አይደለም። የበሩ ቁልፍ ተበላሸ እንጂ ዕቃው ቤት ውስጥ ነው። ላፕቶፑን ይዘን ተመለስን። በጓደኛዬ ኮምፒውተር ኡቡንቱን ባዶ ፍላሽ ላይ አዘጋጀሁ። ላፕቶፑ ሲበራ ኤፍ 12 ተጭኜ (አንዳንዱ ላይ ኤፍ 9 ነው) ከፍላሹ አስነሳሁት። «ጫን» ሳይሆን «ሞክር» የሚለውን መረጥኩ። መዝገቡ እንዳለ ተገኘ፤ ወደ ሌላ ፍላሽ ገለበጥኩት። ከዚያ በኋላ ነው የዊንዶውስ መጫኛ ፍላሽ ሰክቼ፣ በመጫን ፈንታ «ጠግን» የሚለውን አማራጭ የሞከርኩት። ተነሳ። ባይነሳም ኖሮ ፎርማቱ አያስፈራንም ነበር።

ኢኮኖሚክስ ስማር ዋጋና ወጪ አንድ እንዳልሆኑ ተምሬያለሁ። የፎርማት ዋጋው የእጅ ሥራው ነው፤ ወጪው ግን የገበሬው ሒሳብ ነው። የሚወስነው ሌላ፣ የሚከስረው ሌላ። ጠጋኙን ክፉ ነው አልልም። ወረፋ አለበት፣ ደንበኛውም «ቶሎ በል» ይለዋል። ፋይል ማውጣት ግን ራሱን የቻለ ሥራ ነውና ራሱን የቻለ ዋጋ ይውጣለት። እኛም እንክፈል።

በሐምሌ 2016 ክራውድስትራይክ የተባለው የደኅንነት ድርጅት በለቀቀው የተበላሸ ማሻሻያ 8.5 ሚሊዮን ገደማ የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች ሲወድቁ፣ ማይክሮሶፍት ካቀረባቸው መፍትሔዎች አንዱ ከፍላሽ የሚነሳ መጠገኛ ነበር። በርካታ ባለሙያዎች ኮምፒውተሮቹን አንድ በአንድ በእጃቸው አስነሱ።

ሁለት ነገር ግን ልብ በሉ። አዳዲስ ላፕቶፖች ዲስካቸው የተቆለፈ ሊሆን ይችላል፤ ባለ 48 አኃዙን የቢትሎከር ቁልፍ ሳይበላሽ በፊት ወረቀት ላይ ጻፉት። ሃርድ ዲስኩ ራሱ ከሞተ ደግሞ ፍላሽ አያድንም፤ ያኔ የሚያድነው ቀድሞ የተቀመጠ ቅጂ ብቻ ነው።

ባለ 8 ጊጋባይት ፍላሽ ለዊንዶውስ መጫኛ ይበቃል። ማውረዱ ዳታ ይበላል፤ አንዴ ከወረደ ግን ለመቶ ኮምፒውተር ያገለግላል። እያንዳንዱ የገበሬዎች ማኅበርና የወረዳ ቢሮ ሁለት ፍላሽ መሳቢያው ውስጥ ቢያስቀምጥ፣ የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ተማሪዎችም አጠቃቀሙን ቢያሳዩ ምን ይከብዳል?

እስከዚያው «ፎርማት» ሲሏችሁ መልሳችሁ አንድ ይሁን፦ «መጀመሪያ ፋይሌን አውጣልኝ።»