ረቂቃን ተሐዋስያንን በየዓይነታቸው እንወቅ

በሁሩታም ሆነ በአዳማ፥ በዴራም ሆነ በኢተያ፥ አንድ ሰው ትኩሳት በያዘው ጊዜ «ጀርም ነው» ይባልና ነገሩ በዚሁ ይቋጫል። ቀጥሎም ከጎረቤት የተረፈ ወይም ያለ ሐኪም ትእዛዝ የተገዛ ካፕሱል ይዋጣል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ፥ ጀርም የአንድ ነገር ስም አለመሆኑንና ዓይነቱን ሳይለዩ መድኃኒት መውሰድ ራሱን የቻለ ጉዳት መሆኑን ማስረዳት ነው።

ረቂቃን ተሐዋስያን ያለ ማይክሮስኮፕ በዓይን የማይታዩ ናቸው። በ17ኛው መቶ ዓመት ሌቨንሁክ የተባለ የሆላንድ ጨርቅ ነጋዴ ራሱ በሠራው ማጉያ መስተዋት በውሃ ጠብታ ውስጥ ሲንቀሳቀሱ አይቶ ለዓለም አስታወቀ። አብዛኞቹ የሰው ጠላቶች አይደሉም፤ ወተቱን የሚያረጉት፥ በእርሾው ውስጥ ሆነው የእንጀራውን ሊጥ የሚያቦኩት እነርሱ ናቸውና። ጎጂዎቹን ግን በአራት ወገን ከፍሎ ማወቅ ይገባል።

የመጀመሪያዎቹ ባክቴሪያዎች ናቸው። ብዙዎቹ ከአንድ ሚሊሜትር አንድ ሺሕኛውን ወይም ጥቂት እጥፉን ያህላሉ። የሳንባ ነቀርሳ፥ ኮሌራ፥ የአንጀት ተስቦ፥ እንዲሁም በልብስ ቅማል የሚተላለፈው ግርሻ ትኩሳት ከእነዚህ ይመጣሉ። በ1928 እ.ኤ.አ. ፍሌሚንግ ያገኘው ፔኒሲሊንና መሰሎቹ የሚዋጉት ይህን ወገን ነው።

ሁለተኛው ቫይረስ ነው። ከባክቴሪያ እጅግ ያነሰ ሲሆን በሌላ ሕያው ሕዋስ ውስጥ ካልገባ አይራባም። ኩፍኝና ጉንፋን የእርሱ ሥራ ናቸው። በ1911 ዓ.ም. አባቶቻችን የኅዳር በሽታ ያሉት መቅሠፍትም የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ነበረ። ቫይረስን ፔኒሲሊን አይገድለውም። ፈንጣጣ በ1976 እ.ኤ.አ. ከኢትዮጵያ፥ በተከታዩም ዓመት ከሶማሊያ የጠፋው በካፕሱል ሳይሆን በክትባት ነው።

ሦስተኛዎቹ ፕሮቶዞዋ የሚባሉት ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረታት ናቸው። አሜባና ጃርዲያ በተበከለ ውሃና ምግብ፥ ወባ ደግሞ በትንኝ ንክሻ ወደ ሰውነታችን ይገባሉ። በ1958 እ.ኤ.አ. በደጋማው አገር ሳይቀር የተነሣው የወባ ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው አሳምሞ 150,000 ያህሉን እንደ ፈጀ ይገመታል። ስለዚህ ከሁሩታ ወደ ቆላው ለሥራ ወርዶ የተመለሰ ሰው ትኩሳት ቢይዘው፥ ደሙን ሳያስመረምር ካፕሱል እየዋጠ ቀን መቁጠር በነፍሱ መጫወት ነው።

አራተኛው ፈንገስ ነው። በሕፃናት ራስ ላይ የሚወጣው ቆረቆር፥ በቆዳ ላይ የሚወጣው ጭርት፥ የስንዴያችንም ዋግ ከዚህ ወገን ናቸው። በ2001 እ.ኤ.አ. በአርሲ ዞን በፈንገስ የተመረዘ ገብስ የበሉ ሰዎች የደም ሥራቸው እየጠበበ እግራቸው እስከ መበስበስ ደርሷል። ለዚህ ዋናው መከላከያ እህሉን አበጥሮ ጥቁሩን ፍሬ ለቅሞ መጣል ነው።

«ዓይነቱን መለየት የሐኪም ፈንታ ነው» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። እውነት ነው። ነገር ግን ወደ ሐኪም መሄድን ወይም መቅረትን የሚወስኑት እናትና አባት በቤታቸው ናቸው። ባልሆነ በሽታ ላይ የተወሰደ ወይም በጅምር የተተወ መድኃኒት ባክቴሪያውን ያለማምደዋል፤ የለመደውም ባክቴሪያ ወደ ጎረቤት ይተላለፋል። በ2019 እ.ኤ.አ. በመላው ዓለም መድኃኒት በተለማመዱ ባክቴሪያዎች ሰበብ የሞተው ሰው 1.27 ሚሊዮን እንደሚሆን ተገምቷል።

ስለዚህ መምህራን ሆይ፥ ተማሪዎቻችሁን «ጀርምን ፍሩ» ብላችሁ ብቻ አትተዉአቸው። አራቱን ወገኖች በየስማቸው አስጠኗቸው፤ እያንዳንዱ በምን መንገድ እንደሚመጣና በምን እንደሚመለስ ጠይቋቸው። እጅን በሳሙና መታጠብ፥ ውሃን አፍልቶ መጠጣት፥ መጸዳጃ ቤትን በንጽሕና መያዝ፥ ልብስን መቀቀል፥ በአጎበር ሥር መተኛት እያንዳንዳቸው የሚዘጉት በር የተለያየ ነው። ይህን የተረዳ ልጅ ማታ ወደ ቤቱ ሲመለስ፥ ለታመመች እናቱ ካፕሱል ሊገዛ ከመሮጥ ይልቅ «እንመርመር» ይላታል። ትምህርቱ ፍሬ አፈራ የምንለው ያን ጊዜ ነው።