የሪቻርሊሰን እንባ እና የመጀመሪያው ቀጠሮ

እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2023 ብራዚል በሜዳዋ ቦሊቪያን 5ለ1 ስታንኮታኩት ሪቻርሊሰን ተቀይሮ ወጣና ተጠባባቂ ወንበር ላይ ሲያለቅስ ካሜራ ውስጥ ገባ። ቡድኑ አምስት አግብቶ አጥቂው ያነባል! ከጨዋታው በኋላ ግን ልጁ ያስለቀሰው ኳስ ሳይሆን ከሜዳ ውጭ ያለ ጉዳይ መሆኑን ተናገረ። ወደ እንግሊዝ ሲመለስም የሥነ ልቦና ባለሙያ እንደሚያይ አሳወቀ።

ከስምንት ቀን በኋላ ቶተንሃም በሼፊልድ ዩናይትድ 1ለ0 እየተመራ ሰዓቱ አልቆ ነበር። ተቀይሮ የገባው ሪቻርሊሰን በባከነ ሰዓት በግንባሩ አቻ አደረገ፤ ወዲያው ደግሞ ለኩሉሴቭስኪ የማሸነፊያዋን አመቻቸ። ይህን ያየ ደጋፊ “በቃ ታከመና ዳነ” ቢል አይፈረድበትም።

እኔ ግን አልስማማም። በስምንት ቀን ከእንዲህ ያለ ነገር የሚድን ሰው የለም። ጎልም የጤና መለኪያ አይደለም። ሕክምናውን እንደ ፍፁም ቅጣት ምት፣ መትተህ ወዲያው ውጤት የምታይበት ነገር አድርገን ከጠበቅን አንድ ቀን ሄደን “ዝም ብሎ ሲጠይቀኝ ዋለ እንጂ ምንም አልሰጠኝም” ብለን እንቀራለን። በእኔ እምነት ትልቁ ጉዳት ያለው እዚህ ላይ ነው።

ምክንያቱ ግልፅ ነው። እኛ ሲጨንቀን የምናውቀው ሽማግሌ ወይም የነፍስ አባት ዘንድ መሄድ ነው። ትልቁ ሰው ይናገራል፣ እኛ አንገታችንን ደፍተን እንሰማለን፣ መክሮን ወይም መርቆን ይሸኘናል። ይህ የራሱ ቦታ አለው። የሥነ ልቦና ባለሙያ ዘንድ ግን ነገሩ ይገለበጣል። አብዛኛውን ጊዜ ተናጋሪዎቹ እናንተ ናችሁ።

የመጀመሪያው ቀጠሮ ባብዛኛው በጥያቄ ያልቃል። ምን አመጣህ? ከመቼ ጀምሮ? እንቅልፍ እንዴት ነው? ምግብስ? ቤተሰብ፣ ሥራ፣ መጠጥ፣ ጫት? ራስን ስለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ ወይ ብሎም ሊጠይቅ ይችላል። እንዳትደነግጡ፤ ይህ የተለመደ ጥያቄ ነው፣ እውነቱን መመለስም ይጠቅማል። አዲስ አሰልጣኝ እኮ የተጨዋቹን አቅም ሳያይ ቦታ አይሰጠውም።

ከዚያ ምን መለወጥ እንደምትፈልጉ አብራችሁ ትወስናላችሁ። አንዱ ቀጠሮ ብዙውን ጊዜ ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይፈጃል፣ በሳምንት አንዴም የተለመደ ነው። አስተሳሰብና ባህሪ ላይ የሚሠራው የሕክምና ዓይነት ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 20 ቀጠሮ ይወስዳል፤ የቤት ሥራም አለው። መድኃኒት የሚያዝዘው ሐኪም ነው፤ የሥነ ልቦና ባለሙያው በንግግር ነው የሚያክማችሁ። አንዳንዱ ሰው ሁለቱም ያስፈልጉታል።

የተናገራችሁት ነገር በምስጢር ይያዛል። ራሳችሁን ወይም ሌላ ሰው ልትጎዱ ነው የሚል ስጋት ሲኖር ግን ባለሙያው ሌላ ሰው ሊያሳውቅ ይችላል። ገደቡንና ዋጋውን በመጀመሪያው ቀን መጠየቅ ነውር የለውም።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከክፍሉ ስትወጡ ከመግባታችሁ በፊት የባሰ ሊከብዳችሁ ይችላል። ከርሞ የተቀበረ ነገር ሲነካ ያማል። ከጉዳት የተመለሰ ተጨዋች ልምምድ ሲጀምር ጡንቻው እንደሚያመው ማለት ነው። ከተወሰኑ ቀጠሮዎች በኋላም ካልተግባባችሁ በግልፅ ንገሩት፤ ባለሙያ መቀየርም ይቻላል። ከአንዱ አሰልጣኝ ጋር ያልሆነለት ተጨዋች ከሌላው ጋር ሲያብብ ስንቴ አይተናል? ራስን የማጥፋት ሐሳብ ለመጣበት ሰው ግን ቀጠሮ መጠበቅ የለም። ያኔውኑ ሰው አስከትሎ ሆስፒታል መሄድ ነው።

ሕክምናው ሁልጊዜ ያሸንፋል ብዬ አልዋሽም። የሃኖቨሩ ግብ ጠባቂ ሮበርት ኤንከ ሐኪም ነበረው። የድብርት ሕመሙን ግን ከሕዝብ ደብቆ ነበር የሚታከመው። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 10 ቀን 2009 በ32 ዓመቱ ራሱን አጠፋ። አብዛኛው ጀርመናዊ ሕመሙን የሰማው በማግስቱ ሚስቱ ቴሬዛ እና ሐኪሙ በጋዜጠኞች ፊት ሲናገሩ ነው። ሰውየው ከሕመሙ ሌላ የመደበቅንም ሸክም ተሸክሞ ነበር።

የእኛ የደጋፊዎች ድርሻ የሚመጣው እዚህ ጋ ነው። ካታንጋ ሆነን፣ ጎል የሳተውን ልጅ “አማኑኤል ውሰዱት!” ብለን ስንጮህ የምንሰድበው እሱን ብቻ አይደለም። አጠገባችን ተቀምጦ ለሦስት ወር እንቅልፍ ያጣው ጓደኛችንም ይሰማል። አማኑኤል ሆስፒታል እኮ ሰው የሚታከምበት ቦታ ነው። እግሩ የተሰበረውን “ወደ ሐኪም ቤት” ብለን አንሰድበውም።

ሪቻርሊሰን ራሱ ሥነ ልቦና ባለሙያ ዘንድ መሄድ የእብድ ነገር ይመስለው ነበር። በማርች 2024 ለኢኤስፒኤን ብራዚል ሲናገር ግን ከ2022ቱ የዓለም ዋንጫ በኋላ በድብርት ተይዞ እንደነበር፣ ለአባቱ ሁሉን ነገር ልተው ነው እስከማለት እንደደረሰ፣ ሕይወቱን ያተረፈለትም ይኸው ሕክምና እንደሆነ ገለፀ። ይህን የተናገረው ከሼፊልዷ ጎል ወራት ቆይቶ ነው።

ለአንድ አጥቂ ጎል ሳያገባ ስንት ጨዋታ እንታገሰዋለን? አምስት? አስር? ለራሳችን አእምሮም ቢያንስ ያንን ያህል ትዕግሥት እንስጠው። አንድ ቀን ሄዳችሁ “ምንም አልሰጠኝም” ካላችሁ፣ ለሁለተኛው ቀጠሮ ተመለሱ።