ኩሉ አይቅር፤ ብልቃጡ ግን ይመርመር

ለሥራ ቀን ከሽፋሽፍት ሥር የምትሰመር ቀጭን መስመር፣ ለሠርግና ለበዓል ደግሞ እስከ ዓይን ጠርዝ የምትዘልቅ ደመቅ ያለች ኩል፤ ሁለቱም ያምራሉ። ክርክሬ ከውበቱ ጋር ሳይሆን ምንነቱ ሳይታወቅ በብልቃጥ ከሚሸጠው ዱቄት ጋር ነው። በብዙ አገሮች ባህላዊ ኩል የሚፈጨው ጋሌና ከሚባለው ድንጋይ ነው፤ ጋሌና ደግሞ የእርሳስ ብረትና የድኝ ውህድ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እንዲህ ያለው ኩል ለመዋቢያነት እንዲሸጥ አይፈቅድም። የዓለም ጤና ድርጅትም ጉዳት የለውም የሚባል የእርሳስ መጠን እንደሌለ ይናገራል። ዓይኑን አሽቶ ጣቱን የሚጠባ ሕፃን ከሚውጠው እርሳስ ወደ ደሙ የሚገባው ከአዋቂው ከ4 እስከ 5 እጥፍ ሊደርስ ይችላል። ሕፃን መኳል ይቅር የምለው ለዚህ ነው።

«እናቶቻችን ተኩለው ኖረው የለም ወይ?» የሚል ይኖራል። ኖረዋል። ነገር ግን የእርሳስ ጉዳት ወዲያው አይታይም፤ ቀስ እያለ ደምና አእምሮን ነው የሚጎዳው፣ ደም ካልተመረመረ ደግሞ ብዙ ጊዜ አይታወቅም። «ድሃዋ ምን ትኳል?» የሚለው ጥያቄ ይበልጥ ይከብዳል፤ ይዘቱ የተጻፈበት ኩል ዋጋው ከፍ ይላል። ቢሆንም ሸክሙ በእሷ ላይ መውደቅ የለበትም። የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በየገበያው ያለውን ኩል አስመርምሮ ውጤቱን በይፋ ይንገረን። እስከዚያው ኩሉ ከሽፋሽፍቱ ውጪ ይሁን፣ መኳያውም ከእህት ለእህት አይዘዋወር፤ ትራኮማ ባልጠፋበት አገር የጋራ መኳያ በሽታ ያጋባል።